ለራሷ የጻፈችው ደብዳቤ ያልደረሳት ማሽን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹን የምከታተለው እኔ ነኝ። በሂሳብ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ፣ ከደረሰኝ ጥራዞች ጎን፣ ስክሪንም ኪቦርድም ያልተሰካባት አንዲት ትንሽ ሰርቨር ተቀምጣለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሂሳብ ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ትገለብጣለች፤ ችግር ሲገጥማት ደግሞ ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤውን የምትጽፈው ለሩቅ ሰው አይደለም፤ እዚያው ማሽኗ ላይ ወዳለው የ‹ሩት›፣ ማለትም የማሽኗ ዋና አስተዳዳሪ መለያ፣ የደብዳቤ ሳጥን ነው፤ እኔም ጠዋት ስገባ ሳጥኑን ከፍቼ አነባለሁ። ከማሽኗ ወጥቶ የሚሄድ ነገር ስለሌለ ገመድም፣ ኢንተርኔትም፣ ሌላ ሰርቨርም አያስፈልገውም ብዬ ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ክረምት ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን አየሁ። ያየሁትን በዝርዝር የምጽፈው፣ እንደኔው በየከተማው መሥሪያ ቤት ጥግ ላይ እንዲህ ያለች ማሽን የሚጠብቁ ባለሙያዎች ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅና፣ ጉዳዩ እስኪደርስባቸው ድረስ የሚያስቡት እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው።

የማሽኗ ስም ጎተራ ነበር፤ እህል እንደሚከተትበት ጎተራ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ መረጃ የሚከተተው እሷ ዘንድ በመሆኑ የወጣላት ስም ነው። ሙሉ ስሟ ‹ጎተራ ነጥብ ላን› ይባላል። በሐምሌ መጀመሪያ ላይ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ቴክኒሽያን፣ ማሽኖቻችን በአገራችን ተራራና ውኃ ስም ቢጠሩ ለማስታወስ ይቀላል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ጥሩ ስለነበር ተስማማን። የህትመት ሰርቨሩ ዓባይ፣ የጋራ ፋይል ማስቀመጫው ጣና፣ ጎተራ ደግሞ ጮቄ ተባሉ። ወጣቱ የማሽኗን ስም በትእዛዝ ቀየረ፤ ዴቢያን (ማሽኗ የምትሠራበት ሲስተም) የደብዳቤ አድራሻ ስሙን የሚያኖርበትን ‹ሜይልኔም› የተባለ ፋይልም ከፍቶ ጎተራ የሚለውን በጮቄ ተካ። የማሽኖችን ስም ከቁጥር አድራሻቸው ጋር የሚይዘውን ‹ሆስትስ› የተባለውን ፋይልና ደብዳቤ የሚያመላልሰውን የፖስትፊክስን ዋና ማስተካከያ ግን አልነካቸውም። ከዚያ ወዲህ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትእዛዝ በሰጠን ቁጥር፣ ጮቄ የተባለው ኮምፒውተር አድራሻው ሊገኝ አልቻለም የሚል አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ይፈጸማል። ሥራውን የማያስተጓጉል ማስጠንቀቂያ ቶሎ ይለመዳል፤ እኛም ለመድነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኗ በአዲሱ ስሟ ተነሣች።

ክሮን የተባለው የሰዓት አዛዥ ፕሮግራም ደብዳቤ የሚጽፈው ያስጀመረው ሥራ አንዳች ቃል ካወጣ ብቻ ነው። የእኛ የቅጂ ስክሪፕት ሁሉም ነገር ሲሳካ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ሲከሽፍ ነው። ስለዚህ ባዶ ሳጥን ለእኔ የደኅንነት ምልክት ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የውጭው ዲስክ ሞላ። ስክሪፕቱ በየሌሊቱ ‹ዲስኩ ላይ ቦታ የለም› እያለ ይጽፍ ነበር፤ እኔም በየጠዋቱ ባዶ ሳጥን እየከፈትኩ በሰላም እቀመጥ ነበር። ይህ 19 ቀን ቆየ።

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ጠዋት የሂሳብ ክፍሏ ኃላፊ መጥታ፣ “ጋሼ፣ እባክዎ የዓመቱን መዝጊያ ፋይል ከቅጂው ያውጡልኝ፤ የኔው አልከፈት አለኝ” አለችኝ። ዲስኩን ስከፍተው የመጨረሻው ቅጂ የ19 ቀን ዕድሜ ያለው ነበር። እሷና ሁለት ረዳቶቿ በመካከሉ የሠሩትን ሁሉ ከደረሰኝ ጥራዞቹ ላይ እያነበቡ መልሰው ለማስገባት 4 ቀን ፈጀባቸው። ጠዋት ገብተው መብራት በጠፋባቸው ሰዓት እንኳ በመስኮቱ ብርሃን ደረሰኝ ሲለዩ አይቻቸዋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ያንን ስላየሁ ነው።

ወዲያው የፖስትፊክስን ወረፋ አየሁ። 3 ደብዳቤዎች ቆመዋል፤ ሦስቱም ከሩት ለሩት የተጻፉ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ሥር የስም አገልግሎቱ ስላልመለሰ በኋላ ይሞከራል የሚል ምክንያት ተጽፏል። የመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ቁጥሩ ልክ ገጠመ። የቀሩት 16ቱ የት ሄዱ? ሎጉን፣ ማለትም ፖስትፊክስ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ወደ ኋላ ስገልጥ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁለት ሁለት መስመር አገኘሁ። የመጀመሪያው መስመር ተቀባዩን ‹ሩት አት ጮቄ ነጥብ ላን› (‹አት› የ@ ምልክት ነው) ብሎ ይጠራና፣ የዚህ ስም ባለቤት ኮምፒውተር ስላልተገኘ ደብዳቤው ተመላሽ ሆኗል ይላል። ሁለተኛው መስመር ስለ ተመላሹ ራሱ ነው። ተመላሽ ደብዳቤ የሚሄደው ወደ ላኪው ነው፤ ላኪውም ያው ሩት አት ጮቄ ስለሆነ እሱም አድራሻ አጣ። ፖስትፊክስ የተመላሽ ተመላሽ በነባር ማስተካከያው ለማንም አያስታውቅም፤ ይጥለዋል። 16 ማስጠንቀቂያዎች በዚህ መንገድ ጠፉ፤ ከሎጉ መስመሮች በቀር ዱካ አልተዉም።

ወጣቱ ደንግጦ፣ “ጋሼ፣ እኔ እኮ ስሟን ብቻ ነው የቀየርኩት” አለ። እውነቱን ነው፤ የቀየረው ስሟን ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለውም እዚሁ ላይ ነው።

‹ሩት› ተብሎ ብቻ የተጻፈ ተቀባይ ለደብዳቤ አመላላሽ ፕሮግራም ያላለቀ አድራሻ ነው። ፖስትፊክስ እንዲህ ያለ ስም ሲደርሰው ከኋላው የአት ምልክትና ‹ማይኦሪጂን› በተባለው ማስተካከያ የተሰጠውን ስም ይቀጥልበታል፤ በዴቢያን ይህ ስም የሚነበበው ከሜይልኔም ፋይል ነው። የእኛ ፋይል ጮቄ ነጥብ ላን ስለሚል አድራሻው ሩት አት ጮቄ ነጥብ ላን ሆነ። ቀጥሎ ፖስትፊክስ ከአት ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን ስም ወስዶ ‹ማይደስቲኔሽን› ከተባለው ዝርዝር ጋር ያስተያየዋል። ይህ ዝርዝር የማሽኗ የራሷ ተብለው የሚቆጠሩ ስሞች መዝገብ ነው። ስሙ እዚያ ላይ ካለ ደብዳቤው የቤት ነው፤ ለቤት አዳዩ ተሰጥቶ በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ከሌለ ደብዳቤው የውጭ ነው። በእኛ ማሽን ላይ ዝርዝሩ ፖስትፊክስ ሲጫን በግልጽ ተጽፎ የቀረ በመሆኑ ጎተራ ነጥብ ላንን፣ ጎተራንና ሎካልሆስትን እንጂ ጮቄን አያውቅም።

ይህ ማስተያየት የፊደል ማስተያየት ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፕሮግራሙ ‹ጮቄ የሚባለው እኔው ራሴ ነኝ ወይ› ብሎ ወደ ኔትወርክ ካርዱም ሆነ ወደ ማሽኗ የአሁኑ ስም ዞር ብሎ አይጠይቅም። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የከተማው ሰው ሁለቱም አንድ ቦታ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ‹ለመንቆረር› ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ቢደርሰው አይደናገርም። ማሽን ይህ እውቀት የላትም፤ በሁለት ስም እንደምትጠራ የምታውቀው ሁለቱም ስም ተጽፎ ከተሰጣት ብቻ ነው።

ደብዳቤው አንዴ የውጭ ከተባለ በኋላ ስም መፍታት የሚባለው ሥራ ይጀምራል። ፖስትፊክስ ወደ ዲኤንኤስ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔቱ የስም መዝገብ፣ ሄዶ፣ ጮቄ ነጥብ ላን ለተባለው ስም ደብዳቤ የሚቀበለው ማነው ብሎ ይጠይቃል፤ ተቀባይ ተብሎ የተመዘገበ ከሌለ የስሙን የራሱን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የቁጥር አድራሻ፣ ይጠይቃል። ከአንድ ሳጥን ወደዚያው ሳጥን የሚሄደው ደብዳቤ የገዛ ቤቱን አድራሻ ለማወቅ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ዓለምን ይጠይቃል ማለት ነው። ኢንተርኔት ሲኖር መልሱ የታወቀ ነው፤ ‹ላን› የሚባል የዓለም አቀፍ ስም ስለሌለ ‹እንዲህ ያለ ስም የለም› ይባላል፤ ደብዳቤውም በዚያው ቅጽበት ተመላሽ ይሆናል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን መልስ የሚሰጥ የለም። ‹የለም› መባልና መልስ ማጣት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ወረፋ ላይ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በነባር ማስተካከያው የሚታገሠው እስከ 5 ቀን ነው። ሦስቱን ደብዳቤዎች ያተረፈልን የኔትወርኩ መቋረጥ ነበር። ኢንተርኔቱ ቢመለስ ኖሮ እነሱም እንደቀሩት ይጠፉ ነበር።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ጥገና ስሕተት ስለነበር እሱንም መጻፍ አለብኝ። ሆስትስ ፋይሉን ከፍቼ 127.0.1.1 ከሚለው ቁጥር ፊት ለፊት ጎተራ የሚለውን በጮቄ ተካሁ። ያ የለመድነው የማስጠንቀቂያ መስመር ወዲያው ጠፋ፤ አንድ ኮምፒውተር መገኘቱን የሚፈትነው ፒንግም ጮቄን አገኘ። የሙከራ ደብዳቤ ግን ላክሁና እንደ በፊቱ ወረፋ ላይ ቆመ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፖስትፊክስ የውጭ ደብዳቤ ተቀባይን ሲፈልግ በነባር ማስተካከያው የሚጠይቀው ዲኤንኤስን ብቻ ነው፤ ሆስትስ ፋይሉን አያነብም። ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያገኙትን ስም እሱ ላያገኝ ይችላል። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት፣ ስሙ ቢፈታ እንኳ ደብዳቤው የቤት እንዲሆን አያደርገውም። በዲኤንኤስ በኩል ስሙ ወደ ራሷ ወደ ማሽኗ አድራሻ ተፈትቶ ቢመለስና በዝርዝሯ ላይ ግን ባይኖር፣ ፖስትፊክስ ‹ይህ ደብዳቤ ዞሮ ወደ እኔው ይመለሳል› የሚል ስሕተት ጽፎ ይመልሰዋል። የራሷ አድራሻ መሆኑን ደርሶበትም አይቀበለውም፤ የራሷ ስም መሆኑን የነገራት የለምና።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ስፈልግ ታሪኩ ረድቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1965 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ መልእክት መተው ሲጀምሩ አድራሻው የተጠቃሚው መለያ ብቻ ነበር፤ ማሽኑ አንድ ስለሆነ የማሽን ስም አያስፈልግም። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን መልእክትን ከማሽን ወደ ማሽን ሲልክ የሰውን ስም ከማሽኑ ስም በአት ምልክት ለየ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ደብዳቤ፣ ጎረቤት ላለ ሰው የተጻፈው ሳይቀር፣ የማሽን ስም ያስፈልገው ጀመር። የማሽኖች ስም በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በሚጠበቅ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተዘርዝሮ በየቦታው ይገለበጥ ነበር፤ በኮምፒውተሮቻችን ላይ ያለው ሆስትስ ፋይል የዚያ ልማድ ቅርስ ነው። ፋይሉ ከአቅም በላይ ሲያድግ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ዲኤንኤስን ነደፈ። እኛ ዛሬ የምንጠቀመው እነዚህን ሁሉ እርስ በርስ የተደራረቡ ንብርብሮች ነው፤ የማሽኗ ስምም በየንብርብሩ ለየብቻ ተጽፎ ይገኛል።

ሴንድሜይል የተባለው አንጋፋ የደብዳቤ ፕሮግራም ያለበት ሰው ደግሞ ሌላ መልክ ያለው ተመሳሳይ ችግር ያገኘዋል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ማሽን በተነሣ ቁጥር ሴንድሜይል ላይ ሲደርስ ለ60 ሰከንድ ያህል ቆሞ ይቀር ነበር፤ ብልሽቱን ዲስኩ ላይ ስፈልግ ከርሜያለሁ። ሴንድሜይል ሲነሣ የራሱን ሙሉ ስም፣ ማለትም ነጥብ ያለበትን ስም፣ ለማወቅ ይሞክራል፤ አጭሩን ስም ብቻ ካገኘና የሚያሟላለት ካጣ ‹ሙሉ ያልሆነው ስሜ አይታወቅም፤ ተኝቼ እሞክራለሁ› የሚል መልእክት ሎግ ላይ ጽፎ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ሆስትስ ፋይሉ በእርግጥ መድኃኒት ነው፤ ሲስተሙ ስም ሲፈልግ ፋይሉን ከዲኤንኤስ በፊት እንዲያይ እስከታዘዘ ድረስ። ሆኖም በመስመሩ ላይ የስሞቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ከአይፒ ቁጥሩ ቀጥሎ መጀመሪያ የሚጻፈው ሙሉው ስም፣ ማለትም ጮቄ ነጥብ ላን ነው፤ አጭሩ ጮቄ ከእሱ በኋላ ይመጣል። ሲስተሙ ዋና ስም አድርጎ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ አጭሩ ከቀደመ ማሽኗ ሙሉ ስሟ እዚያው መስመር ላይ ተጽፎ ሳለ እንደሌላት ትቆጠራለች።

ስለ ስሙ ምርጫም አጥብቄ የምናገረው አለኝ። የራስ ያልሆነን የዓለም አቀፍ ስም ለውስጥ ማሽን መስጠት አደገኛ ነው። ያ ስም በሌላ አገር በሌላ ሰው የተመዘገበ ከሆነና የማሽኗ ዝርዝር እንደኛው ከተዛባ፣ ደብዳቤው አይጠፋም፤ ወደዚያ ሰው ሰርቨር ይሄዳል፤ የመሥሪያ ቤቱ የፋይል ስሞችና የተጠቃሚዎች መለያ አብረውት ይሄዳሉ። እኛ የተጠቀምንበት ‹ላን› በልማድ የተያዘ እንጂ በይፋዊ ደንብ የተከለለ ስም አይደለም። ‹ሎካል› የሚለው ቅጥያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአንድ ሰፈር ኔትወርክ ውስጥ ማሽኖች ራሳቸውን ለሚያስተዋውቁበት ሌላ ዘዴ ስለተሰጠ ከዲኤንኤስ ጋር ይጋጫል። ‹ኢንተርናል› የሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ተብሎ ተከልሏል፤ አዲስ ማሽን የሚሰይም ሰው እሱን ቢይዝ እመክራለሁ።

ትክክለኛው ጥገና አጭር ነበር። በፖስትፊክስ ማስተካከያ ውስጥ የማሽኗን ሙሉ ስም ጮቄ ነጥብ ላን አልኩ፤ በማይደስቲኔሽን ዝርዝር ላይ ጮቄን በአጭርና በሙሉ ስም ጨመርሁ፤ ጎተራንም አልፋቅሁትም፤ በአሮጌ ስክሪፕቶች ውስጥ በዚያ ስም የተጻፈ አድራሻ ሊኖር ይችላልና። ሜይልኔምና ሆስትስ ያንኑ ስም መያዛቸውን ፊደል በፊደል አስተያየሁ። ማስተካከያው እንደገና እንዲነበብ አድርጌ ወረፋውን ድጋሚ እንዲሞክር አዘዝሁት፤ ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ገቡ፤ ሦስቱም ‹ዲስኩ ላይ ቦታ የለም› ይላሉ። ክሮን ደብዳቤውን ወደ ሩት አት ሎካልሆስት እንዲልክ ማዘዝም መፍትሔ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሎካልሆስት በዝርዝሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚኖር ይሠራል። እኔ ግን ስሙን ማቃናቱን እመርጣለሁ፤ ለሩት የሚጽፈው ክሮን ብቻ አይደለምና፤ የዲስክ ጤና የሚከታተለው ፕሮግራምም በዚያው መንገድ ይጽፋል። ስክሪፕቱንም ለወጥነው፤ አሁን ቢሳካም ባይሳካም በየሌሊቱ ይጽፋል፤ ባዶ ሳጥን ካሁን በኋላ የሚያስጠረጥር ነገር ሆኗል።

አንድ ፈተና ቀረን። ወጣቱ ከማሽኗ ጀርባ የኔትወርክ ገመዱን ነቀለ፤ እኔ ኪቦርድና ስክሪን አምጥቼ ሰካሁባትና ለሩት አንድ መስመር ደብዳቤ ጻፍሁ። ማሽኗ ከእንግዲህ ማንንም መጠየቅ አትችልም፤ ደብዳቤው ከደረሰ የራሷን ስም ራሷ ስለምታውቅ ነው የሚደርሰው። የሎጉ አዲስ መስመር ወዲያው ወጣ፤ አመላላሹ ‹ሎካል› (የቤት)፣ ውጤቱ ‹ተልኳል፤ ሳጥን ውስጥ ገብቷል›፣ የፈጀበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች። ወጣቱ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበና ዓባይንና ጣናን ደግሞ ገመዳቸውን እየነቀለ ሊፈትናቸው ሄደ። በዓባይ ላይ ያው ስሕተት ተገኘ።